ለአንድ ሰው ብቻ የተነደፈ ወንበር

ሁለቱ መንትዮች አንድ ውድድር ውስጥ መግባታቸውን ከማንም በፊት ያወቀችው እናታቸው ናት። ጣጣውም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ቀድሞ የተወለደው አርክቴክት ነው። ልጅ ሳለ የደብተሩ መስመር ትንሽ ከተዛባበት እንቅልፍ አይወስደውም ነበርና እናቱ «ማስመሪያ» አለችው፤ ስሙ እዚያው ቀረ። ተከታዩ ቀጭን ነው፣ በዚያ ላይ ያገኘውን ሬዲዮ ሁሉ እየፈታ ይበትን ስለነበር «ሽቦ» ተባለ። ሽቦ አድጎ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪ ሆነ፤ ሰው መነጽር አጥልቆ የሚዘዋወርባቸው፣ በእውኑ ዓለም የሌሉ ከተሞችን ይሠራል። ወንድማማቾቹ ሲሽቀዳደሙ ነው ያደጉት። መጀመሪያ ጫማውን ማን ቀድሞ ያስራል ነበር፤ ኋላ ደግሞ የማን ሥራ ነው የምሩ ሥራ ሆነ። ማስመሪያ የወንድሙን ከተሞች «ዝናብ የማያውቃቸው ቤቶች» ይላቸዋል። ሽቦም አይተኛለትም። «ያንተ ቤት ሰው እስኪገባበት ዕድሜ ያልቃል፤ የኔ ዛሬውኑ ይገባበታል» ይለዋል።

ውድድሩ የአንድ ዓይን ክሊኒክ መጠበቂያ አዳራሽን እንደገና ለመንደፍ ነበር። ለአርክቴክቶችም፣ ለፈርኒቸር ዲዛይነሮችም፣ ለቴክኖሎጂ ሰዎችም ክፍት ነው ተባለ። እናታቸው ደግሞ የዓይን ግፊት አለባት፤ ለክትትል ዓመታት የተመላለሰችው እዚያው ክሊኒክ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማስመሪያ መጣ። እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የጎረቤት ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ቀለል ያለውን ብቻ በዳበሳ ትሠራለች።

«እማዬ፣ ክሊኒክ ተቀምጠሽ ስትጠብቂ ምን ይሰማሻል?»

«ወገቤ።»

«የምሬን ነው።»

ቀሚሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ነገረችው። ሐኪሙ ሳያያት በፊት ጠብታ ይጨመርላታል። ጠብታው ሲሠራ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ የሚበራው የተራ ቁጥር አይነበብም፣ ብርሃኑም እንደ መርፌ ይወጋል። ምርመራው ካለቀ በኋላ መውጫው አጠገብ ካለች አንዲት ወንበር ላይ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ መንገዱ ጥርት ብሎ እስኪታያት።

ማስመሪያ እየሰማ ሣለ። ሲወጣ በሩን ይዞ፣ «ለውድድር ነው፤ ለሽቦ ትንፍሽ እንዳትዪ። ሙት በይኝ» አላት።

«ሙት» አለች።

በማግስቱ ሽቦ ያንን ትልቅ መነጽሩን ይዞ ከች አለ። «እማዬ፣ ክሊኒክ ስትጠብቂ...» ብሎ ሲጀምር የእናቱ መቀስ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። እሱም ለዚያው ውድድር ነው፣ ምስጢር ነው አለ፤ እሱም አስማላት።

ነገሩ ከነከናት። መንታ ስታሳድግ አንድ ብርቱካን እንኳ እኩል ሳትከፍል ሰጥታ አታውቅም። ለአንዱ የነገረችውን ለሌላው ብትደብቅ አዳላች ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ጠብታውም፣ ስለ ቁጥሩም፣ መውጫው አጠገብ ስላለችው ወንበርም ለሽቦ እንደዚያው ነገረችው። አንዲትም ቃል አላጎደለች። ከዚያ ሁለቱንም ምስጢር በሆዷ ያዘች።

ሥራዎቹ የሚላኩት ያለ ስም ነው፤ ስሙ በታሸገ ኤንቨሎፕ ይቀመጣል፣ ዳኞቹ የሚያዩት ምልክት ብቻ ነው። ለመጨረሻው ዙር ካለፉት መካከል ግን ሁለቱ አስደነገጧቸው። አንዱ በእርሳስ የተነደፈ ነው፤ ሌላው በኮምፒውተር የተሠራ፣ ውስጡ የሚዘዋወሩበት አዳራሽ። በምንም አይመሳሰሉም፣ ከአንድ ነገር በቀር። ሁለቱም መውጫው አጠገብ ጥላ ያለው ጥግ ሠርተው፣ እዚያ ጥግ ውስጥ ጀርባዋን ለመስኮቱ የሰጠች አንዲት ወንበር አስቀምጠዋል። ተጠራጥረው የሁለቱን ኤንቨሎፕ ሲከፍቱ ደግሞ የአባት ስም አንድ ሆኖ ተገኘ።

ማስመሪያና ሽቦ ተጠርተው የተገናኙት ከዳኞቹ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር ነው።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ ማስመሪያ።

«አንተስ?»

ገብተው ሥራዎቻቸውን ጎን ለጎን ተሰቅለው ሲያዩ የማስመሪያ ፊት ደም መሰለ። «ቢሮዬ ስትመጣ ጠረጴዛዬን አይተሃል» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

«የትኛውን ጠረጴዛ? ያንን አቧራ እንኳ ፈርቶ የማያርፍበትን? እኔ ካንተ የምሰርቀው ምን አለ?»

የዳኞቹ ሰብሳቢ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃችሁ። ይህችን ወንበር ከየት አመጣችኋት?»

«ከእናቴ» አሉ፣ ሁለቱም እኩል።

ከዳኞቹ አንዱ ሳቁን ለመዋጥ አሳለ።

እናታቸው በማግስቱ ተጠርታ መጣች። ታክሲ ይዛ፣ ብቻዋን፤ ልጆቿ ቀድመው ደርሰዋል። ሰብሳቢዋ ተነሥታ ወንበር ሳበችላትና ነገሩን ጠየቀቻት።

«ሁለቱም አስማሉኝ» አለች እናት። «ማንም ከማንም አልሰረቀም። ጥፋት ካለ የኔ ነው። ግን ምን ላድርግ፣ ለአንዱ ነግሬ ሌላውን ልከልክል?»

«ጥፋት የለብዎትም» አለች ሰብሳቢዋ። «ተገልጋዩን መጠየቅ ደግ ነገር ነው። ግን አንድ ያልገባኝ አለ። ጠብታ የተጨመረለት ሰው እንደልቡ አያይም። ታዲያ ወንበሯ ለምን አንድ ብቻ ሆነች? ይዞት የሚሄደው ሰው የት ይቀመጣል?»

ጥያቄው እናትን ግራ አጋባት። «እኔ ብቻዬን ነው የምቀመጠው» አለች። «የነገርኳቸው የማውቀውን ነው።»

«ልጆችዎስ?»

«ሥራ አላቸው። እኔም ኑ አላልኳቸውም። ትንሽ ከታገሥኩ ዓይኔ ይመለሳል፤ ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ቤቴ ነው።»

ይህን ያለችው ለወቀሳ አልነበረም። ስለ አየር ጠባይ እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ማስመሪያ ግን ዓይኑን ከንድፉ ላይ መንቀል አቃተው። በመስመር ላይ መስመር አስተካክሎ፣ የጥላውን ማዕዘን አሥር ጊዜ ለክቶ፣ እናቱን ብቻዋን አስቀምጧታል። ሽቦ ደግሞ በዚያ መነጽር ስንት ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ፣ ስንት ጊዜ በወንበሯ አጠገብ አልፏል። አንድም ቀን አጠገቧ ለመቀመጥ አላሰበም።

ዳኞቹ ስርቆት የለም ብለው ሁለቱንም በውድድሩ አቆዩአቸው። ያሸነፈችው ግን አንዲት የፈርኒቸር ዲዛይነር ናት። እሷ የሠራችው ሁለት ሁለት ሰው የሚቀመጥበት፣ መደገፊያው በእጅ እየተዳበሰ እስከ በሩ የሚያደርስ ረጅም አግዳሚ ነበር። ማስመሪያ ሁለተኛ ወጣ። ሽቦ ምንም አልደረሰውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ማስመሪያ፣ የተጠራች ዕለት ቤቷ ሲያደርሳት።

«አስምለኸኝ?»

«ስለ ውድድሩ አይደለም።»

እናት የቤቱን ቁልፍ ከቦርሳዋ ስትፈልግ ቆየች። «አንተም አልጠየቅከኝ፣ እኔም አልነገርኩህ» አለች በመጨረሻ። «ና ግባ፣ በር ላይ አትቁም።»

የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን ሲደርስ በሯ ተንኳኳ። ማስመሪያ ነው። ሻርፗን ለብሳ ሳትጨርስ ደግሞ ሽቦ እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። ተያዩ። ከዳኞቹ ቢሮ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር።

«እኔ አለሁ፤ አንተ ወደ ሥራህ ሂድ» አለ ማስመሪያ።

«አንተ ሂድ።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉና ውረዱ» አለች እናት።

አሮጌው አዳራሽ ገና አልተነካም። ከእናታቸው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ወንበሩ ይቆረቁራል፤ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ፊት ላይ ነው። ነርሷ ጠብታውን ጨምራላት ስትሄድ የእናታቸው እጅ በአየር ላይ መደገፊያ ሲፈልግ አዩ። ሽቦ ቀድሞ ያዘው። ማስመሪያ ኮቱን አውልቆ መስኮቱን ከለለላት።

«በጣም ቆየን» አለ ሽቦ።

«ዛሬስ ቶሎ ነው» አለች እናት።

ሲወጡ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ክንዷን ያዙ። በሩ ጠበባቸው። «አንዳችሁ ይበቃኛል፤ ሠርግ ነው እንዴ?» አለች። ሽቦ ሳቀ፣ ማስመሪያም ተከተለው። እርቁ ይኸው ነበር፤ ሌላ ንግግር አላስፈለገም።

አዳራሹ ሊሠራ ሲል አሸናፊዋ ሽቦን ጠራችው፤ ታካሚዎች ገና ያልተሠራውን አዳራሽ በመነጽሩ ገብተው እንዲሞክሩት ፈለገች። ማስመሪያን ግን ማንም አልጠራውም። ለጥቂት ጊዜ ከፋው፤ አልደበቀውምም። ኋላ ሌላ ውድድር መጣ፤ ለአረጋውያን መኖሪያ ነው። እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ሲቀመጥ ከረመ።

አዲሱ አዳራሽ ከተከፈተ በኋላ እናታቸውን የማመላለስ ተራው የማስመሪያ በሆነበት ቀን፣ ከምርመራ የወጣችውን እናቱን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊታቸው መንገዱ አለ። ለእሷ ገና ጭጋግ ነው።

«ምን ይታይሃል?» አለችው።

«አንድ ሰውዬ ጋሪ ይገፋል። ጎማው ጠማማ ነው፤ ወደ ግራ ወደ ግራ ይስበዋል።»

«እሺ።»

«አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ዘርግታለች። ዝናብ ግን የለም።»

«ለፀሐይ ነዋ። ቀሚሷስ ምን ዓይነት ነው?»

ማስመሪያ ትንሽ ጎንበስ ብሎ አየና ስለ ቀሚሱ ይነግራት ጀመር።