ሙርዶ በአጥር ላይ የሠራው በር

«ከቶርኪል ቤት አንድ ወንበር እዚህ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለ አላስደር። የሻይ ስኒ የያዙት ለቀስተኞች ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

እህቱ ኤፊ ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። የአባታቸው የሙርዶ ሬሳ በሳጥን ሆኖ ጓዳ ተቀምጧል፤ ነገ የመንደሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ባሕር ዳር ወዳለው መቃብር ይሸከሙታል። ዛሬ ማታ ግን እዚሁ ቤት የለቅሶ መዝሙር አለ። እኛ ሉዊስ ደሴት ላይ ለቅሶ ቤት ወንበር የሚለቀመው ከየጎረቤቱ ነው። የሟች ቤተሰብ ሄዶ ይጠይቃል እንጂ ሳይጠየቅ ይዞ የሚመጣ የለም። የማን ወንበር እንደመጣ፣ የማን እንደቀረ ደግሞ መንደሩ አንድ በአንድ ያያል። ያልተጠየቀው የቅርቡ ጎረቤት፣ ቶርኪል ብቻ ነበር።

አላስደርና ኤፊ ልጆች ሳሉ ቶርኪልን «አጎቴ» ነበር የሚሉት። አንድ የጸደይ ወራት ሙርዶ ለቅዱስ ቁርባን ሌላ ደብር ሄዶ ሲመለስ፣ ቶርኪል አጥሩን ከጅረቱ ወዲህ አምጥቶ ምርጡን ሣር ወስዶታል። አላስደር ገና ጎረምሳ ነበር፤ መዶሻ አንሥቶ ሊነቅለው ሮጠ። ሙርዶ ደረሰበትና መዶሻውን ከእጁ ወሰደ።

«ልክ ነህ፣ መዶሻማ ያስፈልጋል» አለው። ሣምንቱን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ሰንብቶ፣ በዚያው አጥር መሐል ጥሩ በር ሠራ።

መንደሩ ሳቀ። ኤፊ አፍራ፣ «አባዬ፣ ፈራኸው እንዴ?» አለችው።

«አብርሃም ሎጥን ‹ምረጥ› ያለው ፈርቶት ነው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ መልቀቅ ልልመድ። ቶርኪል መምጣት ያማረው ቀን አጥር እንዳይዘል ብዬ ነው፤ ጉልበቱ እንደኔው ደካማ ነው።»

ፈሪስ አልነበረም። የአንዲት መበለት ጀልባ ሊነጥቁ የመጡትን ሰዎች ብቻውን ቆሞ የመለሰ እሱ ነው። ለሣር ግን አልጣላም አለ። በየዓመቱ የበሩን ማጠፊያ የበግ ሞራ ይቀባ ነበር። በዚያ በር ማንም ሳይገባበት እሱ በገና በዓል ሰሞን አልጋ ያዘ፤ ከዚያም አልተነሣ።

«ኤፊ፣ አሮጊቶቹ ቆመዋል» አሏት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። አላስደር ተከተላት። «ሬሳው ሳይወጣ ልትዋረጂ ነው? ከቀብር መልስ ያንን አጥር ካልነቀልኩ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።»

«ነቅለህ ወደምትኖርበት ግላስጎው ትመለሳለህ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።»

ያልነገረችው ነገር ቢኖር እሷም መንቀል እንደሚያምራት ነው። ዓመታት ሙሉ አምሯታል። አሁን ዝም ካለች፣ ነገር የአባቷን ቤት እንደሚወርሰው ገባት።

በሩን ስትገፋ የዛገ ማጠፊያ እንደሚጮህ ጠብቃ ጥርሷን ነከሰች። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። ጣቷን አስነካችው። ትኩስ ሞራ ነው።

ቶርኪል ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ ወንበሮቹን ወልውሎ ደጁ ላይ ደርድሮ ተቀምጧል።

«ማጠፊያውን የቀቡት እርስዎ ነዎት?»

«አባትሽ ከተኛ ወዲህ» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

«ታዲያ ለምን አልገቡም?»

«ምን ብዬ ልግባ፣ ልጄ? ቢሰድበኝ እኮ ይቀለኝ ነበር።»

«ወንበር ይዤ መጣሁ ይበሉ፣ አጎቴ ቶርኪል።»

ቶርኪል ከተቀመጠበት ተነሣ። ወንበሮቹን ተከፋፍለው ተሸከሙ። በሩን እንዳለፉ፣ በግ የሚያረባ ሰው ልማድ ሆኖበት ቶርኪል ሊዘጋው ዞረ። ኤፊ ጥቁር ሻሿን ከራሷ ፈትታ በሩን እንደተከፈተ ከአጥሩ እንጨት ጋር አሰረችው።

«በጎቹ ይገባሉ» አላት።

«ይግቡ።»

አላስደር የጓሮውን ደጅ ይዞ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። የመጀመሪያው ወንበር ወደ ቤቱ ሲቃረብ፣ እንዳለው ወጣ። ሣሩን አቋርጦ መጥቶ በቶርኪል ፊት ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እጁን ዘርግቶ ወንበሩን ተቀበለው።