ሶሬሳ ያመጣው አጥንት

አርብ ለየውብዳር የእረፍት ቀኗ ነው። ከምትሠራበት የፈረንጆች ቤት ወጥታ ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 4 ሰፈር ስትደርስ፣ ሻሼ የምታበስልበትን ምግብ ቤት በር ገርበብ አድርጋ ጠበቀቻት። ጥግ ላይ ሶሬሳ ተቀምጧል፤ ከሻሼ ታናሽ ወንድም ከወሰኑ ጋር ወደ የመን ለመሻገር በእግሩ የተነሳው ልጅ። ከፊት ለፊቱ የታሰረ ፌስታል አለ።

«ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው የአጥንት ነገር አይደል?» አለች ሻሼ። «እስቲ እዪልን። ነገ ጠዋት ሊቀበር ነው።»

ሶሬሳ ቀና ሳይል ተናገረ። ወሰኑን ውሃ ጥም ሲጥለው መንገድ የሚመራቸው ደላላ አልጠብቅም አለ። ሶሬሳ ጓደኛውን ዛፍ ሥር አስተኝቶ ከሌሎቹ መንገደኞች ጋር ሄደ። ከወራት በኋላ ሲመለስ እዚያው ያገኘው ጅብ የጋጠውን ይህን አጥንት ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ጅቡ ሲመጣ በሕይወት ነበር?»

የውብዳር ፌስታሉን ፈታች። የአጥንቱ ጫፎች ተግጠዋል። በመሃሉ ቀጥ ያለ ቦይ ይወርዳል። የሰው አጥንት እንዲህ ያለ ቦይ የለውም፤ የፍየል ነው። ምንም አልተሰማትም።

የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዋ ከአፋር የተገኙ የጥንት ሰዎች አጥንት ቅጂ እያዞሩ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ማን ቀደመ፣ ሞት ወይስ አውሬው? ብዙውን ጊዜ መልሱ «አይታወቅም» ነው። እሷም እንዲያ ጽፋ ሙሉ ማርክ አግኝታለች።

አጥንቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ጅብ ነው» አለች። «ይህ ስንጥቅ የፀሐይ ነው። ጥርሱ ያረፈው ከስንጥቁ በላይ ነው። ጅቡ የደረሰው አጥንቱ ከደረቀ በኋላ ነው።»

«ሞቶ?»

«ከሞተ ብዙ ቆይቶ።»

ሶሬሳ ፊቱን በሸሚዙ ጠረገ። ነገ እኔ ነኝ የምሸከመው ብሎ ወጣ።

«ሻሼ፣ አንድ ነገር…»

«እዚህ ቤት ስድስት ዓመት ፍየል ከትፌያለሁ» አለች ሻሼ ፌስታሉን መልሳ እያሰረች። «ገና ሲያስቀምጠው አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራሽኝ?»

«እኔ ብነግረው አዝናልኝ ነው ይላል። ከመጣ ጀምሮ ጎኑን አላሳረፈም።»

«ወሰኑስ?»

ሻሼ ፌስታሉ የነበረበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ሁለት ጊዜ ወለወለችው።

«ወሰኑማ እዚያው ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ምሳ በልተሻል?»

የውብዳር አለመብላቷን ያስታወሰችው ያኔ ነው።