በአደም ምድጃ የበሰለች ዶሮ

ባለቤቴ ብርነሽ ስንዴና ገብስ እንዳትቀምስ በሐኪም ከታዘዘች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር። ዘመኑ ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሆዷ ሲነፋ፣ ሰውነቷ ሲመነምን፣ አንዱ ጸበል ሌላው ኮሶ ሲያዝላት ኖራለች። በመጨረሻ አንድ የውጭ አገር ሐኪም በአስተርጓሚ «የሚጎዳሽ ዳቦ ነው» ቢላት፣ መንገዱን ሁሉ እየሳቀች ተመለሰች። ትእዛዙን ግን ጠበቀች። የማሽላ እንጀራዋን እየበላች በሦስት ወር ውስጥ ጉንጯ ሞላ፤ የተወችው ቀሚስም ልክ ሆነላት።

ከዚያ በኋላ የቸገራት የሰው ፊት ነበር። ወንድሟ እንደሻው ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ሥር ይኖራል። ሚስቱ በለጡ በገና ዕለት ድፎ ዳቦ ቆርሳ ብታጎርሳት፣ ብርነሽ አፏን በእጇ ከለለች።

«ከእኔ እጅ መብላት ተጠየፍሽ?» አለቻት በለጡ በሰው ፊት።

«ስንዴ ያመኛል።»

«ስንዴ ሰው ሲያም የሰማሁት ዛሬ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በለጡ ደጃችንን አልረገጠችም፤ ብርነሽም ከማንም ግብዣ ቀረች። እኔ የሁለቱን መራቅ አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም። ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሚስቱን ይዞ እንዲመጣ እንደሻውን ለመንሁት።

«ትመጣለች» አለኝ። «ነገር ግን ብርነሽ ከአንድ ገበታ አብራት ካልበላች ዳግመኛ አትመጣም። ይህን በደንብ እወቀው።»

ለብርነሽ ብነግራት አንገቷን ደፋች። «የበለጡን ዶሮ ወጥ የሚስተካከል ወጥ እኔ አልሠራም።»

«እኔ እሠራለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ? ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ አይቼህ አላውቅም።»

«ሽንኩርት የማይበዛበት ነው።»

በወጣትነቴ ድሬዳዋ በአንድ ግሪካዊ ሆቴል ዕቃ ጠባቂ ሳለሁ፣ ዶሮ ከድንችና ከሎሚ ጋር በምድጃ ሲጋገር ዘወትር አይ ነበር። ጥበብ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቆራርጦ፣ አሽቶ፣ ለእሳት መስጠት ብቻ ነው። ዱቄት የሚባል ነገር አይነካውም። የጎደለን ምድጃ ነበር። እሱ ደግሞ ያለው ኤረር በር በሚባለው የከተማው ቅጥር በር አጠገብ፣ ዳቦ ጋጋሪው አደም ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ ይገባኛል። የብርነሽን ሕመም ለአደም ነግሬው አላውቅም። ለአሥራ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ስድስት ዳቦ ከእሱ ገዝቻለሁ። «ዳቦህ ሚስቴን አሳመማት» ብሎ ለዳቦ ጋጋሪ መንገር ነውር መሰለኝ። ቁጥሩን መቀነስም ያው መናገር ሆነብኝ። ስለዚህ ሁለቱን ራሴ እየበላሁ፣ አራቱን በሩ ሥር ሰፌድ ለምትሸጠው ለሙሜ እሰጥ ነበር።

ቅዳሜ ሄጄ ስጠይቀው አደም ፂሙን እያሻሸ አሰበ።

«ጋሽ ለገሠ፣ ሥጋው በእናንተ እጅ የታረደ ነው። ትሪዬ ላይ ላወጣው አልችልም፤ ዳቦዬን የሚበላው እስላሙም ክርስቲያኑም ነው። በራስዎ ድስት ያምጡት። የክዳኑን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ፣ ኢንሻ አላህ ይበስላል።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዶሮዋን በስመ አብ ብዬ አረድሁ። ብርነሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ እንዳትነካ ከልክያታለሁ። ስገነጣጥል ብልቱ አሥራ አንድ ሆነ።

«አሥራ ሁለተኛውስ?» አለች።

«ከጎረቤቱ አልለይ አለኝ።»

ሳቋ እስከ ደጅ ተሰማ። ብልቱን በሎሚና በጨው አጥቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የጥብስ ቅጠል ወቅጬ፣ በንጥር ቅቤ አሸሁት። ድንቹን ከታች ደልድዬ፣ ዶሮውን ከላይ ደርድሬ፣ ቃሪያ ጣል አድርጌ ከደንሁት። ስምንት ሰዓት ላይ አደም ደጅ አደረስሁት።

አሥር ሰዓት ስመለስ ድስቱ ከምድጃው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። በክዳኑ ዙሪያ ግን ጣት የሚያህል ሊጥ ተለጥፎ፣ ደርቆና ቡናማ ሆኖ አየሁ። የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጥሁ። እንግዶቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ሌላ ዶሮ የለም።

«ምነው ጋሽ ለገሠ፣ አመመዎት?»

«አደም፣ ይህን ሊጥ አንተ ነህ የለጠፍኸው?»

«መረቁ ምድጃዬ ውስጥ እንዳይፈስ አሽገነዋል። አልወደዱትም?»

ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልሁም። ዓይኔን ከመሬት ሳላነሣ ሁሉንም ነገርሁት፤ ሐኪሙን፣ ስንዴውን፣ የሁለት ዓመቱን አራት አራት ዳቦ። ንግግሬን ስጨርስ አደም ግድግዳውን ተደግፎ ይስቃል።

«ወላሂ፣ እኔ እኮ እርስዎ እስኪነግሩኝ ስጠብቅ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሙሜ የማን እናት ትመስልዎታለች?»

«የማን ናት?»

«የሚስቴ የዘይነባ። ዳቦዬ በጠዋት ከእኔ ወጥቶ፣ በእርስዎ በኩል ዞሮ፣ ከሰዓት በልጆቼ እጅ ይመለሳል። እትዬ ብርነሽ ምክንያቱን ለአማቴ ከነገረቻት ቆይታለች። እርስዎ ሲደብቁ እኔ እንዴት አውቄያለሁ ልበል? አፈርሁ።»

«ታዲያ ሊጡስ?»

«ማሽላ ነው። ሙሜ ስንዴ ነክቶት በማያውቅ ወፍጮዋ ፈጭታ፣ በራሷ እጅ አቡክታ ለጠፈችው። እኔ እጄ ሁልጊዜ ዱቄት ስለሆነ ድስቱን እንኳ ያወጣሁት በጨርቅ ይዤ ነው። የስንዴ ሊጥ መስሎ ታየዎት? እስቲ ቀረብ ብለው ይዩት፣ ተሰነጣጥቋል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙም ቀላ ብሏል። ቀና ብዬ የአደምን እጅ ጨበጥሁ።

«ሽታው በስንጥቁ ትንሽ አምልጦ ደርሶኛል» አለ ድስቱን በጨርቅ ሲያስይዘኝ። «ማሽተትን ግን ማንም አልከለከለኝም።»

ቤት ስደርስ እንደሻውና በለጡ ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ሁለቱ ሴቶች በገበታው ግራና ቀኝ ተራርቀው ተቀምጠዋል። እጄን ታጥቤ ድስቱን አቀረብሁና የሊጡን ቀለበት ሰብሬ ክዳኑን ከፈትሁ። የሎሚና የቅቤ እንፋሎት ወጣ። በለጡ አንገቷን አስግጋ ብልቶቹን በዓይኗ መቁጠር ጀመረች።

«አሥራ አንድ ነው» አልኋት፤ «አትድከሚ።»

«ይህን ወንድ እንደሠራው ያስታውቃል» አለች፤ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

ብርነሽ ከሁሉ ቀድማ አንድ እግር አንሥታ በላች፤ ድንቹንም ጨመረች። ይህን ስታይ በለጡ የገናው ቃሏ የከበዳት መሰለኝ። ለጥቂት ጊዜ የማሽላ እንጀራውን ስትቆራርስ ቆየችና፣ ከተሰበረው የሊጥ ቀለበት በመረቅ የራሰውን ቁራሽ መርጣ አነሣች።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ማሽላ ነው» አልኋት። «ከአደም ምድጃ።»

ወደ ብርነሽ ዞረች። «ይስማማሻል?»

«ይስማማኛል።»

በለጡ ቁራሹን ከዶሮው ጋር በማሽላ እንጀራው ጠቅልላ ትልቅ አድርጋ ዘረጋችላት። ብርነሽ በዚህ ጊዜ እጇን አላነሣችም፤ አፏን ከፈተች። አላምጣ እንደጨረሰች በለጡ ሁለተኛውን ይዛ ትጠብቃት ነበር።

«አንዱማ ያጣላል» አለቻት።