ገበሩ ወደ ውጭ የዞረ ቤት

ቀለም ቀቢው፣ ሰው ሲጸልይ ካየ፣ አንገቱን ይሰብራል እንጂ ጆሮውን አይሰጥም። ሰው ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገረውን መስማት የሰው ደብዳቤ ከፍቶ እንደ ማንበብ ነው ብሎ ያምናል። በሌላው ነገር ጆሮው ክፍት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ግድግዳ ሲቀባ የስንቱን ጠብና እርቅ መሰላል ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ የሰማውንም እዚያው መሰላሉ ላይ ትቶ ነው የሚወርደው። በዚህ ቤት ያጠፋው ጥፋት የመጣው እንግዲህ ከዚህችው ጨዋነቱ ነው።

ቤቱ የአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ዓይናቸው ደከመ፣ ቀጥሎ ሐሳባቸው መንገድ ላይ እየቀረ ያስቸግራቸው ጀመር። የዛሬውን ምሳ ይረሳሉ፣ የዛሬ አርባ ዓመት የሰፉትን ኮት ቁልፍ ግን ይቆጥሩልሃል። ክፍሎቹን በጉልምስናቸው ጊዜ በገዛ እጃቸው የቀቡት እሳቸው ናቸው፤ መተላለፊያውን ሰማያዊ፣ መታጠቢያ ቤቱን ሮዝ፣ ወጥ ቤቱን አረንጓዴ፣ መኝታ ቤቱን ብጫ። የክር ሳጥን የመሰለ ቤት ነበር።

ቀቢውን የጠራችው ቢሮ የምትሠራው ሴት ልጃቸው ናት። ካገባች ወዲህ ሌላ ሰፈር ትኖር ነበር፣ አሁን አባቷን ብላ ጓዟን ጠቅልላ መጥታለች። አባቷ በቀን ሁለቴ ሦስቴ እንደሚደናቀፉ፣ ሐኪሙም ቤቱ ብርሃን ይሁን እንዳለ ነገረችው። የሥራ ባልደረባዋ ቤት ያየችው ነጣ ያለ ግራጫ ልቧ ውስጥ ገብቷል፤ ዓይን አይወጋም፣ ብርሃን ይመልሳል፣ መንፈስ ያረጋጋል አለች። ቀቢውም ቀለሙን ያውቀዋል፤ ጠባብ ቤት ያሰፋል ብሎ አጸደቀላት።

የቀለሙን ናሙና ለአባቷ ስታሳያቸው በጣቶቻቸው መሐል እንደ ጨርቅ አሻሹት።

«ይሄማ የኮት ገበር ነው» አሉ። «ገበሩን ወደ ውጭ አዙሮ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ፋሽን ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ኪሱን የት ልታደርጉት ነው?»

ሦስቱም ሳቁ። ነገሩ በሳቅ ተዘጋ።

ቀቢው በመጀመሪያው ጠዋት ሥራ ሲጀምር አዛውንቱ ከመኝታ ቤታቸው ብቅ አሉ። ቀኝ እጃቸው ግድግዳውን ይዳስሳል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ በየበሩ ትንሽ ቆም ይላሉ። ቀቢው ይህን ሲያይ ሬዲዮኑን ዘጋ፣ ሮለሩን ባልዲው ላይ አጋደመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ እየተራመደ የሚጸልይ ሰው በማየቱ ልቡ ራራ። በዚያ ቀን ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ጨረሰ፤ በማግስቱ መተላለፊያውን።

በሦስተኛው ጠዋት አዛውንቱ እንደ ልማዳቸው ወጡና ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ሹክሹክታቸው ተቆረጠ። ቀቢው ጸሎታቸውን የረበሸ መስሎት ባልዲውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ተመልሶ ሲገባ እዚያው ቆመዋል።

«የት ደርሼ ነበር?» አሉት።

«አሜን ጋ ሊደርሱ ምንም አልቀረዎትም፣ አባባ» አላቸው።

እሳቸው ለወጉ ያህል ፈገግ አሉለት። ክንዳቸውን ይዞ ወጥ ቤት አደረሳቸው። የዚያን ዕለት ከሰዓት መታጠቢያ ቤት ገብተው ምድጃ ሲፈልጉ ልጃቸው አገኘቻቸው፣ ግን የቀለሙ ሽታ አዙሯቸው ነው ተባለ። ቀቢው መስኮቶቹን ከፋፈተላቸው።

መኝታ ቤቱ ለአራተኛው ቀን የቀረ የመጨረሻው ክፍል ነበር። ልጅቷ አባቷን ሐኪም ዘንድ ይዛ ዋለች፣ እሱም ብቻውን ሠራ። ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ሁለት እጅ ቀባ። በሥራው አንድ ልማድ አለው፤ የመብራት ማብሪያውን ክዳን ፈትቶ ይቀባል እንጂ ዙሪያውን በብሩሽ አይሸነግልም። የዚህ ክፍል ግን ብሎኑ ዝጎ አልፈታ ቢለው፣ እያፈረ፣ ዙሪያውን ቀብቶ አለፈው።

አመሻሹ ላይ አባትና ልጅ ተመለሱ። ልጅቷ መጋረጃዎቹን ገልጣ ከክፍል ክፍል ዞረች። ቤቱ የእንቁላል ቅርፊት ውስጡን መስሎ ነበር። ቀቢውን እጅህ ይባረክ አለችው። አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንበር ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጡ።

«ማንን ልንጠይቅ ነው የመጣነው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ባለቤቶቹ እንዳይሰሙ።

«ቤታችን እኮ ነው፣ አባዬ።»

እሺ አሏት፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ጥቂት ቆይተው ጋደም ልበል ብለው ተነሡ፤ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ጀመሩ። ቀቢው ዕቃውን እየሰበሰበ ስለነበር ፊቱን ለማዞር አልደረሰም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማቸው።

«ሰማያዊውን ይዤ… ሮዝን በግራ ትቼ… ከአረንጓዴው ፊት ለፊት፣ ብጫ።»

ወደ ፊት ሄዱ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍተው ዘጉ። እንደገና ከ«ሰማያዊውን» ጀመሩ።

ጸሎት አልነበረም ለካ። መንገዳቸው ነበር። እሱ በአራት ቀን ውስጥ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በአክብሮት፣ መንገዱን ከሥር ከሥራቸው ሲያጠፋባቸው ነበር።

«ለአባዬ ብዬ እኮ ነው» አለች ልጅቷ አፏን ይዛ።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በየጠዋቱ አጠገቤ ሲሉት ነበር።»

በማግስቱ፣ ቢያንስ መኝታ ቤታቸውን እንዲለዩ ብሎ፣ የብጫ ቀለም ይዞ መጣ። የቀድሞውን ብጫ በሐሳቡ ይዞ በጣሳ ሲበጠብጥ አረፈደ፤ ቡናማ ጠብ አደረገበት፣ ነጭ ጨመረ፣ ከነጩ ላይ ደግሞ ትንሽ ቀይ። በየካርቶኑ ቁራጭ እየቀባ መስኮት ላይ አደረቀው። አዛውንቱ እያንዳንዱን ተቀብለው አገላብጠው ያዩና በትሕትና ይመልሱለታል።

«ጥሩ ጨርቅ ነው» ይላሉ፤ «ግን የኔ አይደለም።»

ሰባት ቁራጭ ሆነ። የግድግዳው ብጫ የሠላሳ ዓመት ፀሐይ፣ የሠላሳ ዓመት አምፖል፣ የሁለት ሰው ትንፋሽ ያረፈበት ነው። ያንን በጋሎን የሚሸጥ ሱቅ የለም። ቀቢው በልቡ እርዳኝ አለ፣ ከዚያ በላይ ቃል አልመጣለትም።

ይህን ጊዜ ነው ያ ያልተፈታ ክዳን ትዝ ያለው። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፣ ብሎኑ ላይ ዘይት አንጠባጠበ፣ በቢላዋ ጫፍ እየታገለ ፈታው። ከክዳኑ ሥር፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ የድሮዋ ብጫ እንዳለች ነበረች።

ልጅቷ አባቷን እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ፊታቸውን አስጠግተው አዩአት። በጣታቸው ጠርዟን ዳሰሱ።

«ይቺማ የኔ ናት» አሉ።

ልጅቷ ሳቅም ልቅሶም የሆነ ድምፅ አወጣች። ቀቢው ብሎኑን በከንፈሩ እንደያዘ እግዚአብሔር ይመስገን ሊል ነበር። አዛውንቱ መዳፋቸውን ብጫዋ ላይ ሲያሳርፉ ግን ሙሉ በሙሉ ተሸፈነች። ቀና ብለው ግራጫውን ግድግዳ እስከ ጣሪያው አዩት፤ እጃቸውን አንሥተው ደግሞ እሷን አዩ።

«ልኬ ነበረች» አሉ። «ጠበበች። አሁን በየት በኩል ነው የምገባው?»

ልጅቷ ወደ ቀቢው ዞረች፣ መልሱ ባልዲው ውስጥ ያለ ይመስል። ብሎኑን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

አዛውንቱ መዳፋቸውን ብጫዋ ላይ መልሰው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ቀቢው እንደ ልማዱ አንገቱን ሰበረ። ጆሮውን ግን አላሸሸም፤ «ሰማያዊውን ይዤ» ሲሉ ሰማ፣ ቆም ሲሉም ሰማ፣ እንደገና ሲጀምሩም ሰማ።