ባዶው ተሳቢ

በያጁ ከፒክአፗ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሻንሲውን በመዶሻ ጫፍ እያንኳኳ ያዳምጣል። ሻጩ ጎንበስ ሲል የሚታየው የበያጁ እግር ብቻ ነው።

“ወንድሜ፣ መኪና ነው የምትገዛው ወይስ ሳል ነው የምታክመው?”

“ብረት ይናገራል። ለሚሰማው” አለ በያጁ ከሥር።

ብረቱ ደህና ነበር። ይህ ነው ያናደደው። አንድ የተሸፋፈነ ዝገት ወይም በቀለም የተደበቀ ስንጥቅ ቢያገኝ ኖሮ ተሳድቦ ይሄድ ነበር፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቅ ነበር። ፒክአፗ ግን ነጭ፣ ንጹሕ፣ ጎማዋ ገና ያልተበላ፣ ከኋላዋም የተሳቢ መጎተቻ ያላት ነች። አስቦ የሠራት ሰው ያለ ይመስላል። ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ ዞራት፤ እንደገናም ዞራት።

“እስከ አስር ሰዓት እጠብቅሃለሁ” አለ ሻጩ። “ከዚያ በኋላ አልችልም፤ ሌላ ሰው አለ።”

“ሌላ ሰው የሌለው ሻጭ እስካሁን አላየሁም” ብሎት ሄደ።

በሰፈሩ በያጁን በስሙ የሚጠራው የለም። “ድርቡ” ነው የሚሉት፤ አንዴ የበየደውን ደግሞ ካልደረበ እንቅልፍ አይወስደውም። እሱ የሠራው በር አይሰበርም። በቀላሉ አይከፈትም ይላሉ ደንበኞቹ፤ እሱ ግን ይህንንም እንደ ምስጋና ነው የሚቆጥረው። ምክንያትም አለው። አንድ ጊዜ ጎረቤት በያጅ በሁለት ነጥብ ብየዳ አቁሞ፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም አሳምሮ የሸጠው የውሃ ታንከር ማቆሚያ ከነታንከሩ ወድቆ አንድ ማድ ቤት ደርምሷል። በዕለቱ ሰው ስላልነበረ እንጂ ሬሳ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድርቡ ቀጭን ብረት ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

በወር ሁለት ሦስት ጊዜ መብራት ወደሌለበት ቦታ ወጥቶ ይሠራል። ጄኔሬተሩንና የብየዳ ማሽኑን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ጭኖ በትንሿ አሮጌ አውቶሞቢሉ ይጎትታል። ባለፈው ወር ዳገቱ መሐል ላይ የአውቶሞቢሏ ፍሪሲዮን ተቃጠለ። የሚያልፈው ሁሉ ከመስኮት አንገቱን እያወጣ “ጎበዝ፣ ግፋ!” ሲለው፣ እሱ ጭሱ መሐል ቆሞ ፒክአፕ ሊገዛ ማለ።

የሚገዛበት ብር ግን ባለቤት ነበረው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነች። ዓመታት ሙሉ በመኝታ ቤታቸው ነው የምትሰፋው፤ የምትለካት ሴት አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ ባሏ ግቢ ውስጥ ቆሞ ደመና ይቆጥራል። ወደ መንገድ የሚያየው የሳሎኑ ግድግዳ ተፈንቅሎ በርና መስኮት ወጥቶለት የሥራ ክፍሏ ሊሆን ተነጋግረዋል። ብሩንም ለዚያ ነበር አብረው ያጠራቀሙት። ባሏ ስለ ፒክአፗ ሲነግራት ክርክር ጠብቆ መልሱን ደርድሮ ነበር። እሷ ግን “እሺ” ብቻ አለችው። ብትጮህ ይረታታት ነበር። “እሺ”ን ግን አይረቱትም፤ የደረደረውን መልስ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ይዞት ይዞራል።

ወርክሾፑ ከቤታቸው ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ነው። ሲደርስ አማቱ ተሳቢውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከነተሳቢው ከባድ መኪና የነዱ ሽማግሌ ናቸው።

“እህ፣ እንዴት ነች?”

“ደህና ነች አባባ። ከደህናም ደህና።”

“ማርሿስ?”

“ያለ ድምፅ ነው የሚገባው።”

የሽማግሌው ዓይን በራ። መሪ የያዙ ይመስል እጃቸው በአየር ላይ ክብ ሠራ። “እኔው ነኝ የማስጀምርልህ። አንድ ዙር። ከዚያ ትወስዳታለህ።” ወዲያው ግን የሹፌርነቱ ነገር መጣባቸውና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። “በወር ስንቴ ነው የምትጎትተው?”

“ሁለቴ። ሲበዛ ሦስቴ።”

“በቀረው ቀንስ?”

“ትቆማለቻ።”

“ቆማም ትበላለች። በሬ ቆሞ ቢበላ ይሰባል፤ መኪና ቆማ እየበላች ነው የምትከሳው።”

“አባባ፣ እርስዎ ከማን ወገን ነዎት?”

“እኔማ ከመኪናዋ ወገን ነኝ። ግን ሳይጠየቅ አይጫንም። ጭነትህ ስንት ኪሎ ነው?”

“ጄኔሬተሩ፣ ማሽኑ፣ ገመዱ፣ ሁሉም ተደምሮ ሁለት መቶ ሃምሳ።”

“ተሳቢውስ?”

“የቱ ተሳቢ?”

“ይሄ የተደገፍኩት!”

ድርቡ ተሳቢውን አየው። በገዛ እጁ የሠራው ነው። ወለሉ ወፍራም ላሜራ፣ ጎኑ ድርብ አንግል ብረት፣ ከኋላው ደግሞ ጣት የሚያህል ውፍረት ባለው ብረት ላይ “ድርቡ” የሚል ጽሑፍ በብየዳ የወጣበት። ስንት እንደሚመዝን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።

“እሱማ ባዶ ነው” አለ በመጨረሻ።

“ባዶ አይመዝንም ያለህ ማነው?”

ከጎናቸው ያለው ግቢ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ነጋዴ ነው፤ ትልቅ የመሬት ሚዛን አለው። ጄኔሬተሩን፣ ማሽኑንና ገመዱን አውርደው ተሳቢውን በእጅ ገፉት። ድርቡና ሁለት የነጋዴው ሠራተኞች ከኋላ ትከሻቸውን ሰጡ፤ ሽማግሌው ከፊት የመጎተቻውን አንገት ይዘው አቅጣጫ ያሳያሉ። መንገዱ ሜዳ ነው። ቢሆንም ሦስት ጊዜ አረፉ።

“ባዶ ነው አላልከኝም?” አሉ ሽማግሌው።

“ባዶ ነው።”

“ታዲያ ምን ሆነን ነው የምናምጠው?”

ሚዛኑ ላይ ወጣ። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና አምስት መቶ ስልሳ ላይ ቆመ።

“ሚዛንህ ሰካራም ነው!” ጮኸ ድርቡ።

“ጌታው፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን መዝኗል፤ እስካሁን የሰደበው የለም” አለ ነጋዴው ረጋ ብሎ።

“እንግዲያው እኔን መዝነኝ!” ለመንጃ ፈቃድ እድሳት ባለፈው ወር ክሊኒክ ተመዝኗል፤ ሰባ ኪሎ ነው። ተሳቢውን አስወርዶ ሚዛኑ ላይ እንደ ተከሳሽ ቆመ። ሰባ።

ነጋዴው ተሳቢውን በጥፊ መታ መታ አደረገው። “ከሸጥከው ጥሩ እከፍልሃለሁ። እንዲህ ያለ ብረት የማገኘው ድልድይ ሲፈርስ ነው።”

የድርቡ ጆሮ ጋለ። ሞኝነትህ ይሄ ነው የሚለውን ሰው ሰድቦ ማባረር ይቻላል፤ ሞኝነትህን በኪሎ ነግሮ ዝም የሚልን ሚዛን ግን ምን ይሉታል? ሽማግሌው አልሳቁበትም። ቢስቁ ይሻለው ነበር።

“የትንሿ መኪናህ መጽሐፍ ስንት ጎትት ይላል?”

“ስድስት መቶ።”

“አንተ ስንት አስጎተትካት?”

“ስምንት መቶ አስር” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እንግዲህ ፍሪሲዮኑን የበላው ጄኔሬተሩ አይደለም ልጄ። አንተ ነህ።”

“ታዲያ ምን ላድርግ!” አለ ፈንድቶ። “እንደነዚያ ሌቦች ቀጭን ሠርቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ መንገድ ላይ ተበጥሶ ሰው ይግደል?”

“እሱን እኔ አላውቅም። እኔ ሹፌር ነኝ” ብለው ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሱ።

ለምሳ ቤት ሲገባ ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የወንድ ኮት ትሰፋለች። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ደንበኞቿ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀመጠ። ወዲያውኑ ጀርባውን አመመው፤ የሚደገፉበት ነገር የለም። ሰው ሁሉ ዓመታት ሙሉ እንዲህ ነው እንዴ የተቀመጠው?

“አምስት መቶ ስልሳ” አላት።

“ምኑ?”

“ተሳቢው። ባዶው።”

ማሽኗን አቆመች። ልትስቅ ነው ብሎ ተዘጋጀ። አልሳቀችም። ኮቱን አንስታ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

“እስቲ ዳብሰው። የት ጋ ነው የተደረበው?”

“እኔ ምን አውቄ?”

“ዳብሰው እንጂ! ብረት ይናገራል ትል የለ?”

ዳበሰው። “ኮሌታው። ትከሻው። ኪሱ አፍ ላይ።”

“ሌላውስ?”

“ነጠላ ነው።”

“ይሄን ኮት ሰውዬው አሥር ዓመት ይለብሰዋል። ሁሉንም ብደርበውስ?”

ድርቡ ኮቱን በእጁ መዘን አደረገው። “ይከብደዋላ።”

“አይለብሰውም፤ ይሸከመዋል” አለች። “ስስት ሌላ፣ የሚደረበውን ለይቶ መስፋት ሌላ። እኔ ቀጭን ስሠራ ሰው የሚገድል ነገር ሠራሁ?”

ሳምንቱን ሙሉ ከአፏ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ድርቡ ለእያንዳንዱ ቃል መልስ ነበረው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ በልቡ አነሳና አንድ በአንድ ጣለ።

“ጠመኔሽን ያዥና ነይ” አላት።

ወርክሾፑ ውስጥ፣ ከሚዛኑ ከተመለሰው ተሳቢ ግራና ቀኝ ቆሙ። እሱ የሚጠቁመው ሸክም የሚያርፍበትን ነው፤ ጎማዎቹ የተሰኩበትን አክስል፣ የስፕሪንጉን መቀመጫ፣ የመጎተቻውን አንገት። “ይሄ አይነካም። ይሄም። እዚህ ጋ እንዲያውም ድርብ መሆን አለበት።” በቀረው ላይ እሷ በልብስ ጠመኔዋ ታሰምራለች። አንዳንዱ ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዳንዱን እሱ ይረታል። ሽማግሌው ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው “ግማሹ ከወረደ ትንሿ ትችለዋለች” ይላሉ፤ ከዚያ ደግሞ ለራሳቸው፣ “ግን አንድ ዙር እንኳ...” እያሉ ይቆጫሉ።

ከኋላው ብረት ላይ ሲደርሱ ሚስቱ ጠመኔውን አንስታ ቆመች። “ድርቡ” ይላል፤ ፊደሎቹ ጎላ ጎላ ብለው። ባሏን አላየችውም፤ አላሰመረችምም። ድርቡ ጠመኔውን ከእጇ ወሰደ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በስሙ ላይ፣ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ።

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ለአስር ሩብ ጉዳይ ይላል።

“እህሳ፣ እየመጣህ ነው?” አለ ሻጩ።

“አልመጣም። ለዚያ ለሌላው ሰው ስጠው።”

“የትኛው ሌላ ሰው?”

ሽማግሌው ሳቃቸው አምልጧቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ድርቡ ስልኩን ዘጋ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ መቁረጫውን አስነሳ። ብልጭታው ግድግዳውን አለበሰው። የመጀመሪያው አንግል ብረት ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጮኸ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው።

ሚስቱ ብረቱ እስኪበርድ ጠበቀች፤ ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ተንበረከከች። ሁለት ሜትር ከአሥር።

“ለመንገዱ በር ይበቃል?”

ድርቡ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። የወደቀውን ብረት አየ፤ ሊወድቅ ያለውንም አየ። “ለበሩም ለመስኮቱም። ሰኞ ግድግዳውን እፈነቅላለሁ።”

ሜትሯን እየጠቀለለች ተነሳች።

“አንዴ ብቻ በይደው ታዲያ” አለችው። “በየቀኑ የምከፍተው እኔ ነኝ።”