የጨዋው ተራ

ሰውየው ዛሬም መጥቷል።

ትንሿ፣ የሟቿ የእታለም እህት፣ የሻይ ትሪ ይዛ ከማዕድ ቤት ብቅ ስትል ዓይኗ ቀድሞ ያረፈው እሱ ላይ ነው። በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ይዞ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው አቀርቅሯል። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው መንቀጫቀጭ ጀመሩ።

«አምጪው ወዲህ፣ ሰው ላይ ልትደፊው ነው» አሉ አክስቷ ትሪውን ተቀብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ሰውዬ የማን ወገን ነው? ከቀብሩ ጀምሮ አይጠፋም። አያለቅስ፣ አያወራ።»

«የእታለም ጓደኛ ነው። የመጽሐፍ ጓደኛዋ።»

«ዕድሜ ልኬን ባል አምጪ ስላት መጽሐፍ ስታመጣ ኖረች። አሁን ደግሞ የመጽሐፍ ጓደኛ» አሉ አክስቷ። ሊቀልዱ አስበው ነበር፤ መሃል ላይ ድምፃቸው ተሰበረና በመሐረባቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በዚያ ሳሎን ከሞሉት ለቅሶ ደራሾች መካከል የሰውየውን ማንነት የሚያውቁት ትንሿና የእታለም ወዳጅ ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ነበሩ። «ጨዋው» የሚለውን ስም ያወጣችለትም ፀጉር ሠሪዋ ነች። ወንበር ሲያቀርቡለት ያመሰግናል፣ ሻይ ሲሰጡት ያመሰግናል፣ በር ሲከፍቱለት ያመሰግናል። መጀመሪያ ላይ ስሙ ያስቃቸው ነበር። ጋሽ መነጽር የሚሏቸው ወዳጃቸው ለምርመራ ከተወሰዱ በኋላ ግን ፀጉር ሠሪዋ ስሙን የምትጠራው ጥርሷን ነክሳ ሆነ።

ነገሩን የጀመረችው እታለም ናት። የማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት ስትለቅም ትውልና ቤቷ ስትገባ ደግሞ ለራሷ ልቦለድ ታነባለች። ትንሿን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ትንሿ ገና የወተት ጥርሷን አልጨረሰችም ነበር፤ ይኸው ስልክ ቤት ተቀጥራ፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባትም «ትንሿ» መባሉ አልቀረላትም።

«እስቲ እንፎካከር» አለች እታለም አንድ ቀን ለወዳጆቿ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ልቦለድ። ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የዘለቀ ያሸንፋል። ሽልማቱ ምንድን ነው ሲሏት፣ «ያነበባችሁት ነዋ» ብላ ሳቀች። እሁድ ከሰዓት እዚሁ ሳሎን ይሰበሰባሉ፤ ተራ የደረሰው ስለሚወደው መጽሐፍ ይናገራል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ደራሲው ምን ለማለት ፈልጎ ነው እያሉ መፈላሰፍ የለም። መጽሐፉ አንተን ምን አደረገህ? እሱን ተናገርና ተቀመጥ።

ፀጉር ሠሪዋ መርከብ ላይ ስለተወለደች ሴት አንብባ መጥታ፣ «የደንበኛዬን ፀጉር እያጠብኩ አገር ላገር ዞርኩ፤ ሴትዮዋ ሳሙናው ዓይኔ ገባ ብላ ስትጮህ ነው ወደብ የደረስኩት» ብላ በሳቅ ገደለቻቸው። ጋሽ መነጽር፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ ደወሏ ስለጠፋባት ከተማ አነበቡ። «ደወሉን ማን ወሰደው ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ» አሉ፣ ወፍራሙን መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ። «ሁሉም ሰዓቱን በግምት መኖር ጀመረ። አንብቤ ስጨርስ አፈርኩ። ያ ከተማ እኔ ነኝ።»

የኢንሹራንስ ጸሐፊ ነኝ ብሎ በቅርቡ የተቀላቀላቸው አዲሱ ሰው፣ ጨዋው፣ ከኋላ፣ «አመሰግናለሁ» አለ።

በዚያው ሳምንት የደኅንነት ሰዎች ጋሽ መነጽርን ከቤታቸው ወሰዷቸው። ሲመለሱ የመነጽራቸው አንዱ መስታወት ተሰንጥቆ ነበር። ስለምን እንደጠየቋቸው ለእታለም በጆሮዋ ነገሯት፦ «ያ ከተማ እኔ ነኝ ማለት ምን ማለት ነው ይሉኛል። ቃል በቃል።» ያቺ ቃል ከዚህ ሳሎን ውጭ ተነግራ አታውቅም።

ያን ዕለት ትንሿ እህቷን ተጣላቻት።

«በሩን ዝጊው፣ እታለም። ሁላችንንም ታስበዪናለሽ።»

«ብዘጋው ሰውየው ይቀራል? ሌላ ቤት ሄዶ ይሰማል እንጂ። እዚህ ከሆነ ቢያንስ የሚሰማው ልቦለድ ነው።»

«አትፈሪም አንቺ?»

«እፈራለሁ እንጂ። አንቺም ፍሪው፤ አትፍሪው አልልሽም። ሻዩን ግን ስጪው። ደግሞ ተራ ይደርሰዋል። እንደ ማንም ያነባል፣ እንደ ማንም ይናገራል።»

ብዙም ሳይቆይ እታለም ራሷ ተጠራች። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ «ምንም አላሉኝም። ወንበር ላይ አስቀምጠው ረሱኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ እየቆመች የሚያልፍ ሰው የምትጠብቅ ትመስል ነበር። የሞተችው ሥራ ቦታዋ ላይ ነው፤ እርሳሷን እንደያዘች ወረቀቱ ላይ ደፋ ብላ አገኟት። ሐኪሙ «ልብ ነው» አለ። ትንሿ ግን እዚያች ወንበር ላይ ረስተዋት ከዋሉበት ቀን ሌላ የሚታሰባት የለም።

ለቅሶ ደራሹ ሳሳ ሲል ትንሿ ብርጭቆ ለማጠብ ማዕድ ቤት ገባች። ፀጉር ሠሪዋ ተከትላት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ጨዋው ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያለ እየቆጠረን ነው» አለች በሹክሹክታ። «ጋሽ መነጽር ደግሞ ነገ እመጣለሁ ብለዋል።»

«አይምጡ በያቸዋ።»

«ብያለሁ። ለእሷ ካልመጣሁ ለማን ልሄድ ነው አሉ። ምን ልበላቸው?»

በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ጨዋው ባዶ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። «አመሰግናለሁ» አለ። ፀጉር ሠሪዋ ግድግዳውን ታካ፣ እንዳትነካው ተጠንቅቃ ወጣች። ትንሿ ብርጭቆውን ተቀበለችው። እሱ ግን አልሄደም።

«ነገ አንድ ወጣት ይመጣል» አለ፣ የውሃ ቧንቧውን እያየ። «ከማተሚያ ቤት ነኝ ይላል። አይደለም። ስለ መጻሕፍቱ ይጠይቃል፤ እሁድ እሁድ ማን ይመጣ እንደነበርም ይጠይቃል። መምህሩ ነገ እዚህ ባይገኙ ጥሩ ነው።»

«ለምንድን ነው ለእኔ የሚነግሩኝ?»

«ሻዩ ጥሩ ነበር» አለና ወጣ።

ትንሿ ቧንቧውን መዝጋት ረስታ ቆመች። ወጥመድ ቢሆንስ? መጻሕፍቱን ብትደብቅ፣ የምትደብቀው እንዳላት በራሷ እጅ መሰከረች ማለት ነው። ባትደብቅና እውነቱን ቢሆንስ? ለጋሽ መነጽር ልደውል ብላ ስልኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። መስመር ላይ ስንት ጆሮ እንደሚቀመጥ ለስልክ ቤት ሠራተኛ አይነገራትም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ መደርደሪያውን ማራገፍ ጀመረች። ለሐዘኑ እዚያው የሰነበቱት አክስቷ ከመኝታ ቤት ወጥተው አዩዋት። ለምን ብለው አልጠየቁም። የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው አንድ እቅፍ አንስተው ወደ አልጋቸው ሥር ይዘው ሄዱ። ባዶው መደርደሪያ ላይ ሳህንና ድስት ደረደሩበት። ፀጉር ሠሪዋ መልእክት ላከች፦ ጋሽ መነጽርን ፀጉር ላስተካክልዎት ብላ ወንበሯ ላይ አስቀምጣቸዋለች።

«እሳቸው ራሰ በራ አይደሉም እንዴ?» አሉ አክስቷ።

«ናቸው።»

«እንግዲያው ቀኑን ሙሉ ያስቆያቸዋል።»

ወጣቱ መጣ። ሽቶው ቀድሞት ገባ። ትንሿን አቅፎ ትከሻዋ ላይ ተነፋረቀ። «ከማተሚያ ቤት ነኝ። እንደ እናቴ ነበረች» አለ። ጨዋው በሩ አጠገብ እንደተለመደው አቀርቅሯል፤ ወጣቱም እሱም እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሆኑ።

«መጽሐፍ ትወድ ነበር አይደል?» አለ ወጣቱ ተቀምጦ ሻዩን እያማሰለ። «ለማስታወሻ አንድ ብትሰጡኝ ብዬ ነው።»

አክስቷ ትንሿን ቀደሟት።

«መጽሐፍ? እዚያው መሥሪያ ቤቷ ነው የምታነበው። እዚህማ አቧራ ነው ብዬ አላስገባም ነበር።»

«እሁድ እሁድስ እንግዳ አይበዛባትም ነበር?»

«ይበዛባታል እንጂ። እኔ ነኛ። ብቻዬን አምስት ሰው ነኝ፣ ስበላ ብታየኝ። ይህን ጉልበቴን ስታሽልኝ ነው የምትውለው። እስቲ አንተም ወጣት ነህ፣ እዚህ ጋ ጫን አድርግልኝ።» ቀሚሳቸውን ገለብ አድርገው እግራቸውን ዘረጉለት።

ወጣቱ ብድግ አለ። «መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል ነው?»

መልስ ሳይጠብቅ ሄዶ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተ። ትንሿ ከኋላው ደረሰች። በትከሻው በኩል አየች፦ የአልጋ ልብሱ እስከ ወለል ወርዷል፤ ግን ከእግርጌ በኩል፣ ከጫፉ ሥር፣ የአንድ መጽሐፍ ቀይ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ወጣቱ ደፍ ላይ ቆሞ ክፍሉን ከጣሪያ እስከ ወለል ቃኘ።

«በሩ እሱ አይደለም። በስተግራ ነው» አለ አንድ ድምፅ። ጨዋው ነበር። መቼ እንደተነሳ ማንም አላየውም። «እኔም ተሳስቼበት ነበር።»

ሁለቱ ለአፍታ ተያዩ። «ይቅርታ» አለ ወጣቱ፣ በሩንም ዘጋ። ቀይ ጠርዙን ይየው አይየው ትንሿ ማወቅ አልቻለችም። ሻዩን ሳይጨርስ ተሰናብቶ ወጣ።

ሐዘኑ የሚነሳበት ቀን እሁድ ላይ ዋለ። ከየጎረቤቱ በውሰት የመጣው ወንበር ሲመለስ ሳሎኑ ሰፋና አስፈሪ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ መነጽር መጡ፤ ፀጉር ሠሪዋ ክንዳቸውን ደግፋለች። ገና ከመቀመጣቸው ጨዋው ገባ።

ፀጉር ሠሪዋ ተነሳች። «ቁጭ በይ» አሏት ጋሽ መነጽር።

ጨዋው አልተቀመጠም። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ጀርባው ላይ አደረጋቸው። «ዛሬ ተራዬ ነበር» አለ። «መጽሐፉን የሰጠችኝ እሷ ነች።»

ትንሿ ውጣልኝ ልትለው ከንፈሯ ተላቀቀ። ጋሽ መነጽር እጃቸውን አነሱ። «ይናገር። ሕጉ ነው።»

«ስለ አንድ ኬላ ጠባቂ ነው» ብሎ ጀመረ። ድምፁ እንደ ተማሪ ይንቀጠቀጣል። «የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ጥቅል ይፈታል። ክፉ ሰው አይደለም። ሲፈታም ሲያስርም ይቅርታ ይላል። አንድ ቀን እናቱ መጣች። የእሷንም ፈታ። ውስጡ ምሳ ነው። ለእሱው ልታደርስለት ያመጣችው ምሳ። እሱ ግን አገላብጦ አየና፣ መልሶ አስሮ፣ እለፊ አላት። እሷም አለፈች።» እጆቹን ከጀርባው አመጣቸው። «ከዚያ ገጽ ማለፍ አቃተኝ። አልጨረስኩትም ስላት አልተቆጣችም። መጽሐፉ አንተን ምን አደረገህ አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።»

«አሁንስ?» አሉ ጋሽ መነጽር።

«እንቅልፍ ነሳኝ።»

ጋሽ መነጽር በተሰነጠቀው መስታወት በኩል አተኩረው አዩት። «የእኔንም ጥቅል ፈተሃል።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የእሷንስ?»

ትንሿ የወንበሯን ጠርዝ ጨበጠች። መልሱን ለመስማት ከፈራችው በላይ ሳትሰማ መቅረቱን ፈራች።

«እሷ ራሷ ፈታ አሳየችኝ» አለ ጨዋው። «ሻይ እየቀዳችልኝ፣ ማን እንደሆንክ አውቃለሁ አለችኝ። ከዚያ ስኳር ስንት ላድርግልህ አለችኝ። ያንን አልጻፍኩትም። ስትጠራም የጠራኋት እኔ አይደለሁም፤ ግን እንደምትጠራ አውቅ ነበር።» ትንፋሽ ወሰደ። «ሥራውን ትቻለሁ። ከዛሬ በኋላ እዚህ ሰፈር አታዩኝም። የመጽሐፉን መጨረሻ ግን አላውቀውም።»

«እኔም አልነግርህም» አሉ ጋሽ መነጽር ቀስ ብለው። «ራስህ አንብበው።»

ጨዋው ራሱን ዝቅ አደረገ። ምስጋና እንኳ አልወጣውም። ትንሿ መውጣቱን በዓይኗ ለማረጋገጥ እስከ ደረጃው ተከተለችው። እውነት ተናግሮ ይሁን፣ ወይስ ይህም ከሥራው አንዱ ይሁን፣ አላወቀችም። በኮሪደሩ መስኮት በኩል መንገዱ ይታያል። ከሕንፃው በር ፊት አንዲት መኪና ሞተሯን ሳታጠፋ ቆማለች፤ ከውስጧ ማንም አይወርድም።

እሱም መኪናዋን አያት። የደረጃውን ብረት ጨብጦ የመጀመሪያውን እርከን ወረደና ቆመ። ትንሿ ያኔ ነው ያየችው፦ የሸሚዙ ኮሌታ ከኋላ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ብቻውን ለብሶ የወጣ፣ ከቤቱ ሲወጣ የሚያየው ሰው የሌለው።

እጇ ሳታዘው ሄደ። ጣቷ አንገቱን ሲነካው ሊመቱት እንደሆነ ሁሉ ትከሻው ተኮማተረ፤ አልዞረም ግን። ኮሌታውን መዝዛ አወጣች፣ ገለበጠችለት፣ በመዳፏ ዳር እስከ ዳር አለሰለሰችው።

«ቀስ ብለው ይውረዱ» አለችው።