ስልባቦት ያወጣው ቢራ

"ድፊው አልኩሽ! አሁኑኑ!"

የጸጉር ሰሪዋ እህት፣ ነርሷ፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ የቢራውን በርሜል በእግሯ ልትገፋው ስትል ጸጉር ሰሪዋ ዘላ መሃል ገባች። ዘለለች ሲባል ደግሞ እንደ ግብ ጠባቂ ነው!

"እትዬ፣ እግርሽን ሰብስቢ! አራት ወር ሙሉ ጠብቄዋለሁ።"

"አራት ወር ጠብቀሽ ሰው ልትፈጂ? ይኸው ነጭ ነገር ለብሶ!"

እውነት ነው፣ ለብሷል። ልክ ፈልቶ እንደበረደ ወተት የተሸበሸበ ስልባቦት ከላዩ ተንሳፏል። ግን እኮ ይሄ ጎምዛዛ ቢራ ነው፤ እንዲኮመጥጥ ተብሎ የተተወ! ስልባቦት ማውጣት አመሉ ነው። ማን ይስማት! ዛሬ ደግሞ ባለ ቡና ቤቱ ሊቀምስ እየመጣ ነው፤ ከወደደው በየወሩ ሊወስድላት። ያኔ የሰው ጸጉር መተኮስ ቀረ፣ ጠማቂ ሆነች ማለት ነው!

ሁለተኛውን በርሜል ስትከፍት ግን፦ አረንጓዴ፣ ጸጉራም ሻጋታ!

"ውይ፣ ይሄኛውማ ጢም አብቅሏል" አለች እህቷ። "ጸጉር ሰሪ አይደለሽ? ላጪዋ!"

ጥፋቱ የራሷ ነው። ናፍቆት አላስችል ብሏት በየጠዋቱ ክዳኑን እየከፈተች ስታሸተው ከረመች፤ አየር አስገባችበት። የመጀመሪያው የተረፈው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ስለነበርና እጇ ስላልደረሰበት ብቻ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ባለ ቡና ቤቱ ሆዱን አስቀድሞ ገባ። ከመጀመሪያው በርሜል ሁለት ብርጭቆ ቀዳች፤ አንዱን እዚያው ፊቱ ግጥም አደረገችው።

"ኋላ ክሊኒክ እንዳትመጪብኝ!" አለች እህቷ።

ሰውየው ቀመሰ። አንድ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ብርጭቆውን ዘረጋ። "ድገሚኝ እስቲ! ይሄማ ጉድ ነው! ሁለቱንም እወስዳለሁ።"

"ሁለተኛው ሻግቷል፣ ጋሼ። እሱን አልሸጥም።"

"ታዲያ ከላይ ግፈፊዋ! ብርጭቆ ውስጥ ማን ያየዋል?"

"እኔ አይቼዋለሁ።"

"ስሚ የኔ ልጅ፣ እኔ ለአንድ በርሜል መኪና አላስነሳም። ወይ ሁለቱን፣ ወይ ደህና ሰንብቺ።"

ጸጉር ሰሪዋ ጆሮዋ እስኪግል ቀላች፤ ከዚያ የዘረጋውን ባዶ ብርጭቆ ከእጁ ላይ ቀስ አድርጋ ተቀበለችውና ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

"እንግዲያው ደህና ይሰንብቱ።"

እጅጌዋን ሰብስባ የሻገተውን በርሜል አቀፈችና ወደ ግቢው ፍሳሽ ትጎትተው ጀመር። ከበደ። እህቷ አፍንጫዋን ለቃ መጣችና በሌላው በኩል ያዘችላት።